የስምጥ ሸለቆ ምድር ለምነት፤ ከገርቢ ዛፍ እስከ ሕያው ማዳበሪያ

ከሸዋ ደጋ ወርዶ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በመቂና በባቱ በኩል እስከ ሻሸመኔ የሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ ሜዳ፣ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ከተፋው አመድና ልል ድንጋይ የተገኘ ምድር እንደ መሆኑ መጠን፣ አብዛኛው ለማረስ ቀላል፣ ውሃን ለመያዝ ግን ደካማ ነው፤ ሰብልን አለምልሞ ከሚያሳድገው፣ ናይትሮጅን ከሚባለው ንጥረ ነገርም ድኻ ነው። ዝናሙ ባንዱ ዓመት ያለ ልክ ወርዶ አፈሩን ያጥባል፤ በሌላው ዓመት ገና አዝመራው ሳያፈራ ይነጥፋል። እንዲህ ያለው ምድር ከባሕር ማዶ የሚመጣ የማዳበሪያ ከረጢት በማይታወቅበት ዘመን፣ ያን ያህል ሰውና ከብት ሲመግብ የኖረው በምን ኃይል ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ መልሱ በማሳው መካከል ቆሞ ይታያል፤ እርሱም የኦሮሞ ገበሬ ገርቢ ብሎ የሚጠራው፣ ከግራር ወገን የሆነው ታላቅ ዛፍ ነው።

የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ፋይደርቢያ አልቢዳ የሚሉት ይህ ዛፍ ጠባዩ ከሌሎቹ ዛፎች የተለየ ነው። ሰማዩ ደመና ሲለብስና ዕፅዋት ሁሉ ሲያቆጠቁጡ እርሱ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆማል፤ ዘመነ ክረምት አልፎ ሜዳው ሲደርቅና ሣሩ ሲከስል ደግሞ እርሱ ይለመልማል። ከዚህ የተነሣ ጤፉ ወይም ስንዴው በሚያድግበት ወራት ብርሃንን አይከለክለውም፤ ሥሩም እጅግ ወደ ጥልቁ የሚወርድ ስለ ሆነ ከላይ ባለው እርጥበት ከሰብሉ ጋር ብዙ አይሻማም። ከእርሻው ወራት በፊት የረገፈው ቅጠል በክረምቱ እርጥበት በስብሶ ናይትሮጅኑን ለአፈሩ ይሰጣል። የተጠማዘዘው ብርቱካንማ ፍሬው ደግሞ በበጋ፣ መኖ በሚጠፋበት ጊዜ፣ ለከብቱና ለፍየሉ ምግብ ይሆናል፤ ከብቱም ከፀሐይ ሊሸሸግ በጥላው ሥር ሲያመሰኳ ይውልና እበቱን በዚያው ይተዋል። ዛፉ ምድሩን ያለመልማል፣ እንስሳውን ይመግባል፣ እንስሳውም የበላውን መልሶ ለምድሩ ይሰጣል። ይህ ሥርዓት ከማንም ቢሮ በወጣ ደንብ የተመሠረተ አይደለም፤ የአካባቢው አራሾች ማሳቸውን በመነጠሩ ጊዜ ሌላውን ቁጥቋጦ ቆርጠው ገርቢውንና ደደቻ የሚሉትን ሌላውን ግራር በመተዋቸው፣ ቅርንጫፉን ለአጥርና ለማገዶ እየመለመሉ ግንዱን በመጠበቃቸው ነው ከእኛ ዘመን የደረሰው።

ከገርቢ ሌላ ሦስት ረድኤቶች ነበሩ። አንደኛው የከብቱ ፍግ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ያለ ፍሬ የቆመችውን በለስ ጌታዋ ሊያስቆርጣት ባለ ጊዜ፣ አትክልተኛው ዙሪያዋን ቆፍሮ ፍግ እስኪያደርግላት ድረስ አንድ ዓመት እንድትቆይ መለመኑን የሚያውቅ ሕዝብ፣ ስለ ፍግ ጥቅም የውጭ መምህር አላስፈለገውም። ሁለተኛው መሬትን ማሳረፍ ነው፤ ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 ምድር በሰባተኛው ዓመት ሰንበትዋን ታከብር ዘንድ እንደሚያዝዘው፣ መሬት በሰፋበትና ሕዝብ ባልበዛበት ዘመን የደከመ ማሳ ጦሙን እንዲያድር ይደረግ ነበር። ሦስተኛውና ለታሪካችን ዋና የሆነው ጥራጥሬ ነው። በአድአና በሉሜ ወረዳዎች ዋልካ መሬት ላይ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሽምብራ ይዘራል፤ ምድሩ ባቆየው እርጥበት ብቻ አድጎ በበጋ ይደርሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ማሳ ላይ ጤፍ ሲዘራ ጤፉ ያምራል። ምስርም፣ ጓያም፣ ባቄላም እንዲሁ ናቸው። ገበሬው ይህን ውጤት በዓይኑ አይቶ በልቡ ያዘው፤ ምክንያቱ ግን ከሰው ዓይን የተሰወረ ነበር።

ምክንያቱ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1886 በጀርመን አገር ነው። በበርንቡርግ የምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ሄርማን ሄልሪገል፣ ከረዳቱ ከሄርማን ቪልፋርት ጋር ሆኖ፣ በአተርና በመሰሎቹ ሥር ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ዕባጮች በሽታ ሳይሆኑ ዓይን የማያያቸው ተሐዋስያን የሚያድሩባቸው ቤቶች መሆናቸውን፣ እነዚህም ተሐዋስያን ከአየሩ ውስጥ ናይትሮጅንን እየሳቡ ለተክሉ እንደሚሰጡ፣ ተክሉም በአንጻሩ ከፀሐይ ብርሃን ባዘጋጀው ስኳር እንደሚቀልባቸው አስረዳ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሆላንዱ ማርቲኑስ ባይየሪንክ እነዚያኑ ባክቴሪያዎች ከሥሩ ለይቶ ብቻቸውን አሳደጋቸው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱ የናይትሮጅን ቅንጣቶች እጅግ ተጣብቀው ስለሚኖሩ ሰብል ሊጠቀምበት አይችልም፤ ያን ማሠሪያ በምድር ሙቀት፣ ያለ እሳትና ያለ ጩኸት የሚፈቱት እነዚህ ረቂቃን ፍጥረታት ናቸው።

በዚያው በጀርመን አገር፣ ከዚህ ግኝት ሃያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ሌላ መንገድ ተከፈተ። ፍሪትስ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር በታላቅ ግፊትና በብርቱ ሙቀት አዋሕዶ አሞኒያ አወጣ፤ ካርል ቦሽ የዚህን ጥበብ ወደ ኢንዱስትሪ አሸጋገረውና በ1913 በኦፓው ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ያ ፋብሪካ በቀጠለው ታላቅ ጦርነት ለፈንጂ የሚሆን ናይትሮጅን ሲያመርት ቆይቶ፣ ሰላም ሲሆን ሥራው ወደ እርሻ ዞረ፤ ሃበር የ1918ን፣ ቦሽ የ1931ን የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ ከአንድ አገር ሁለት መንገዶች ወጡ፤ አንደኛው ዕውቀትንና ትዕግሥትን የሚሻ፣ የየአገሩን አፈርና የየአገሩን ተሐዋስያን መርምሮ ማወቅን የሚጠይቅ ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ከሰል ወይም የተፈጥሮ ጋዝና ብዙ ካፒታል የሚሻ፣ ነገር ግን በከረጢት ታስሮ ወደ ማናቸውም ምድር ሊጫን የሚችል ነው። ዓለም በአመዛኙ ሁለተኛውን መረጠ። በሁለተኛው የተመገበው ሕዝብ ቁጥር ስፍር የሌለው በመሆኑ እኔ ያን ምርጫ ኃጢአት አልለውም፤ የመጀመሪያው መንገድ በቸልታ መተዉ ግን ያሳዝነኛል፤ በተለይም እንደ ስምጥ ሸለቆ ባለ አገር፣ መንገዱ አስቀድሞ በገበሬው እግር ተጠርጎ በነበረበት።

የምድር ባቡሩ ሐዲድ አዳማን አልፎ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ አዳማ የእህልና የከብት ገበያ እየሆነች ሄደች፤ እርሻው ግን እንደ ቀድሞው ነበረ። የፋብሪካው ዘመን ወደ ሸለቆው የገባው ከጣልያን ወረራ በኋላ ነው። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ በወንጂ ሜዳ የአገዳ እርሻ አቋቋመ፤ የስኳር ፋብሪካውም በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በአዋሽ ውሃ የሚጠጣ፣ በትራክተር የሚታረስ፣ በተገዛ ማዳበሪያ የሚያድግ ሰፊ ማሳ ምን እንደሚመስል የአካባቢው ሰው በዓይኑ አየ። ከጣልያን በተገኘው የጦርነት ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲያልቅ አዋሽ ሐይቅ ሠርቶ ተኛ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም እ.ኤ.አ. በ1965 እንቦጭ የተባለው የውሃ አረም በዚያ ሐይቅና በአዋሽ ላይ መታየቱ ተመዘገበ፤ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ያን ጊዜ ነው። እንቦጭ የሚወፍረው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በበዛበት ውሃ ነው። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

በዚያው ዘመን ከመጀመሪያው መንገድ ጋር የሚስማሙ ትናንሽ ጅምሮችም ነበሩ። በ1950 ዓ.ም. በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ከእበት ጋዝ የሚያወጣ ጕድጓድ ተሠራ፤ ጋዙ ለእሳት ሲሆን ዝቃጩ ለማሳ ይተርፋል፤ ነገሩ ግን ለአምሳ ዓመት ያህል ከሙከራ አላለፈም። በቢሾፍቱ የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ጤፍን፣ ሽምብራንና ምስርን ያጠና ጀመር። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1958 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ፣ ከአዳማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከአዋሽ ወንዝ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የመልካሳ ጣቢያ ተከፈተ፤ ጣቢያውም ከአትክልቱና ከፍራፍሬው ጋር የቆላ ጥራጥሬ፣ በተለይም የቦሎቄ ምርምር ማዕከል ሆነ። ነጩ ቦሎቄ ለአውሮፓ ገበያ የሚላክ ሰብል በመሆኑ ገበሬው ጥሬ ገንዘብ ያገኝበት ጀመር፤ በሦስት ወር ገደማ ስለሚደርስም ዝናም አጠር በሆነው ሸለቆ ተስማማው።

የማዳበሪያው ከረጢት ወደ ገበሬው ማሳ የመጣውም በእነዚሁ ዓመታት ነው። በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ የተባለው፣ በመስከረም 1960 ዓ.ም. አሰላ ላይ ሥራ ሲጀምር፣ ከተሻሻለ ስንዴ ጋር የፋብሪካ ማዳበሪያን በዱቤ ለገበሬው ያድል ነበር፤ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አማካይነትም በየአውራጃው ሙከራ ተደርጎ፣ ከእርሱ በኋላ የመለስተኛ ፓኬጅ ፕሮግራም የተባለው ዘዴ ሥራውን ወደ ሌሎች አውራጃዎች አስፋፋ። ገበሬው ከማዳበሪያዎቹ ዳፕ የተባለውን ጥቁሩ፣ ዩሪያ የተባለውን ነጩ ብሎ ሰየማቸው። ነጩ ከመቶ አርባ ስድስት እጁ ናይትሮጅን ነው። ከተዘራው ስንዴ አጠገብ የተበተነ ዕፍኝ ዩሪያ በጥቂት ቀን ቅጠሉን ሲያጠቁረው ያየ ሰው፣ ያን ኃይል ቢወድድ አይፈረድበትም።

ጥፋቱ በማዳበሪያው አልነበረም፤ ጥፋቱ ሲሰጥ ምድሩ እንደ ባዶ ዕቃ መቆጠሩ ነው። በዚያ ምድር ገርቢ እንዳለ፣ ሽምብራው እንደሚፈራረቅ፣ ፍጉ ወደየት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ቅጽ አልነበረም፤ አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉ አገር አንድ ትእዛዝ፣ ለሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ፣ ለዋልካውም ለአሸዋማውም ተላለፈ። አሸዋማው የሸለቆ አፈር ግን ብልቱ ሌላ ነው። እርጥበት ሳያገኝ ከላይ የተበተነ ዩሪያ፣ አፈሩ ወደ አልካሊነት ባዘነበለበትና ሙቀቱ በበረታበት ሥፍራ፣ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይተናል፤ ከባድ ዝናም ከመጣ ደግሞ ናይትሬት ሆኖ ከሥር በታች ይወርዳል፤ ብስባሽ በሌለው መሬት ላይ ማዳበሪያ መጨመር በወንፊት ውሃ እንደ መቅዳት ነው። ከማሳው ያመለጠው ናይትሮጅን ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይሆናል፤ ይህም ሚዛን በሚዛን ሲነጻጸር ዓለምን በማሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሁለት መቶ ሰባ ጊዜ ያህል ይበልጣል።

የከረጢቱ ዋጋ በሌላ አገር እጅ መሆኑም ወዲያው ተገለጠ። እ.ኤ.አ. በ1973 በተነሣው የነዳጅ ቀውስ የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ ወደ ላይ ተተኮሰ፤ ዩሪያ ከነዳጅና ከጋዝ የሚወለድ ነውና። ቀጥሎ አብዮት መጣ፤ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ለሕዝብ ተደረገ። ጭሰኛው ከባላባቱ ቀንበር መላቀቁ ታላቅ ነገር ነው። ለዛፉ ግን ዘመኑ ክፉ ነበር፤ በማሳው ላይ የቆመው ገርቢ የማን ሀብት እንደ ሆነ ለሚያመነታ ገበሬ፣ ነገ ሌላ ሰው የሚቆርጠውን ዛፍ ዛሬ ለመጠበቅ ምክንያት ያንሰዋል። ከተሞቹ እየሰፉ ሲሄዱ ከሰል ዋጋ አወጣ፤ በመቂ፣ በባቱና በላንጋኖ መንገድ ዳር የተደረደረው የከሰል ጆንያ የስንት ዓመት ግራር እንደ ነበረ ሳይቈጠር ወደ አዲስ አበባ ተጫነ። የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ እንኳ የግራር ደኑን ከዚህ ማዳን አልቻለም። ማገዶው ሲጠፋ የቤቱ እመቤት ወደ እበቱ ዞረች። እበት ኩበት ሆኖ ሲነድ ፎስፈረሱ በአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ ናይትሮጅኑ ግን ከጢሱ ጋር ይጠፋል። ስለ ምድራችን መራቆት በሚጻፈው ሁሉ ውስጥ ይህ ነገር ተገቢው ቦታ የተሰጠው አይመስለኝም፤ ከሸለቆው እርሻ በየቀኑ በጭስ መልክ የወጣው ናይትሮጅን፣ ተመልሶ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው ያው ናይትሮጅን ነውና።

ሊቃውንቱ ወደ ዛፉ መመልከት የጀመሩት ዛፉ መመናመን ከጀመረ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ ሐረርጌ ደጋ እርሻ በታተመ ጥናት፣ ከገርቢ ጥላ ሥር የበቀለው በቆሎና ማሽላ ከጥላው ውጭ ካለው በአማካይ 56 በመቶ የበለጠ ምርት እንደ ሰጠ ተገለጠ። ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የከብት ጥናት ማዕከልም በቢሾፍቱ ባለው ጣቢያው አካባቢ በዋልካ መሬት ላይ የዛፉን ሥራ መረመረ፤ ከግንዱ ሥር ያለው አፈር ከሜዳው ይልቅ በብስባሽና በናይትሮጅን የበለጸገ ሆኖ ተገኘ። አባቶች በልማድ ያቆዩት ነገር በቁጥር ጸና። በዚያው አሥር ዓመት የሥር ባክቴሪያ ምርምርም በአገራችን የላቦራቶሪ ሥራ ሆነ፤ ነገር ግን ከላቦራቶሪ ወደ ማሳ ለመድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀበት።

መንግሥት ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1993 የእርሻ ሊቁ ኖርማን ቦርሎግና የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የሚደግፉት ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው የእርሻ ፕሮግራም ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በግማሽ ሄክታር ማሳያ ላይ የበቆሎው ምርት ሲያስገርም የታየው ሁሉ በ1987 ዓ.ም. የአገር ፖሊሲ ሆነና የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ተባለ። ምርት አደገ፤ ይህን መካድ አይገባም። ዱቤውም አብሮ አደገ። በ1994 ዓ.ም. በቆሎ በብዛት ተመርቶ ገዢ አጣና ዋጋው ወደቀ፤ ማዳበሪያ በብድር የወሰደው ገበሬ ያመረተውን ሁሉ ሸጦ ዕዳውን መክፈል አልቻለም፤ በሬውን ለሽያጭ ያወጣም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ድርቅ ሸለቆውን መታ፤ በቦሰትና በአዳሚ ቱሉ ወገን የተበተነው ዩሪያ በደረቀ አፈር ላይ ቀረ፤ ዕዳው ግን አልደረቀም። የፋብሪካ ናይትሮጅን ያለ ዝናም የማይሠራ መሆኑን፣ የዝናሙንም ኪሣራ የሚሸከመው ገበሬው ብቻ መሆኑን ያ ሁለት ዓመት አሳየ።

በዚሁ ጊዜ በሰሜን ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር፤ የሸለቆውን ታሪክ ስለ ነካ ላልፈው አልችልም። የሥነ ዕፅዋት ሊቅ የሆኑት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ስዊ ኤድዋርድስ፣ በዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ ከጥቂት መንደሮች ገበሬዎች ጋር ኮምፖስት ማዘጋጀት ጀመሩ። ዓመት በዓመት እየተመዘነ በተያዘው መዝገብ ኮምፖስት የተጨመረበት ማሳ ምርቱ ከፋብሪካ ማዳበሪያው ጋር የሚተካከል፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ኮምፖስት በኢትዮጵያ የእርሻ ሠራተኛ ትምህርት ውስጥ የራሱን ቦታ አገኘ፤ በምሥራቅ ሸዋ ወረዳዎችም በየጓሮው ጕድጓድ ይቆፈር ጀመር።

አሁን ወደ ቆቃ እመለሳለሁ። በሐይቁ ዙሪያና በላይኛው አዋሽ ያለው እርሻ በመስኖና በማዳበሪያ እየጠነከረ፣ የከተሞቹና የቆዳ ፋብሪካዎቹ ፍሳሽ እየተጨመረበት ሲሄድ፣ የቆቃ ውሃ መርዝ ያለው ረቂቅ አልጌ እያፈላ አረንጓዴ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ ነገሩ ከአገር አልፎ በዓለም ቴሌቪዥን ታየ። ጥፋቱን ሁሉ በማዳበሪያው ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም፤ ነገር ግን ከማሳ የታጠበ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ወደ ዝቅተኛው ሥፍራ እንደሚወርድ፣ ዝቅተኛው ሥፍራም ሕዝብ ውሃ የሚቀዳበት ሐይቅ መሆኑን ማንም አይክድም። የአበባ እርሻ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ከተስፋፋ ወዲህ ያው ሥጋት ወደዚያም ደርሷል።

በአምቦ አምሳ ዓመት የተኛው የእበት ጋዝ ጅምር እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ ነቃ። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በኦሮሚያና በሌሎች ሦስት ክልሎች፣ አራት ከብት ያህል ባለው ገበሬ ጓሮ ሥር ጕድጓድ መሥራት ጀመረ። ይህ ሥራ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ልብ የሚያሳርፍ ነው፤ ምክንያቱም በእበቱ ላይ የተነሣውን ጥል ያስታርቃል፤ እመቤቲቱ እሳትዋን ታገኛለች፣ ማሳውም ድርሻውን ያገኛል፤ ከጕድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ ናይትሮጅኑን እንደ ያዘ ነውና። እንቅፋቱ የመነሻው ወጪና በሸለቆው በጋ የውሃ እጥረት ነው።

በኅዳር 2004 ዓ.ም. በደርባን በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ኢትዮጵያ 100 ሚሊዮን ገርቢ በገበሬው ማሳ ላይ እንደምትተክል አስታወቁ። ከሸለቆው ገበሬ በቀር ብዙ ሰው የማያውቀው ዛፍ የመንግሥታት ጉባኤ ርእስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በማዕከላዊው ስምጥ ሸለቆ የተደረጉ ጥናቶች አንድ አዲስ ነገር ጨመሩ፤ ከገርቢ ሥር ያለ ስንዴ ናይትሮጅን ብቻ ሳይሆን ከቀትር ሙቀትም መጠለያ እንደሚያገኝ፣ ስለዚህም ክፉ ዓመት ሲመጣ ከሜዳው ስንዴ ይልቅ እንደሚጸና አሳዩ።

ከአንድ ትውልድ ምርምር በኋላ የባይየሪንክ ባክቴሪያም ወደ ገበያ ወጣ። መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ የተባለው የአገር ኩባንያ፣ ከኢትዮጵያ አፈር የተለዩ ባክቴሪያዎችን እያባዛ በጥቁር ዱቄት መልክ ለሽምብራ፣ ለቦሎቄ፣ ለባቄላና ለአኩሪ አተር ያቀርብ ጀመር፤ ባለሙያዎቹም ሕያው ማዳበሪያ አሉት። ኤን ቱ አፍሪካ የተባለው ፕሮግራምም ከምርምር ማዕከላቱ ጋር ሆኖ በገበሬው ማሳ ላይ አሳየው። ለአንድ ሄክታር ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ገበሬው ዘሩን በስኳር በተበጠበጠ ውሃ ያርሰዋል፤ በጥላ ሥር ዱቄቱን ነስንሶ እያንዳንዱ ፍሬ ጥቁር እስኪለብስ ያሸዋል፤ ወዲያው እርጥበት ባለው ትልም ይዘራዋል። ፀሐይ ከመታው ተሐዋስያኑ ይሞታሉ፤ ብዙ ወራት በመጋዘን ከቆየም እንዲሁ። ለሽምብራ የተዘጋጀው ለቦሎቄ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ጥራጥሬ የራሱን ወዳጅ ይመርጣል። ተክሉ ሲያብብ አንዱን ነቅሎ ዕባጩን ለሁለት መክፈል ነው፤ ውስጡ ቀይ ከሆነ ሥራው ተሳክቷል።

ይህ ሁሉ ድል ነው ብዬ አንባቢን አላታልልም። ሸለቆው በብዛት የሚዘራው ቦሎቄ ከጥራጥሬዎች ሁሉ ናይትሮጅን በመሳብ ደካማው ነው፤ ድርቅ ሲመጣም ሥራውን ያቆማል። ሽምብራና ባቄላ ይበልጡታል፤ ባቄላ ግን ደጋን ይሻል። ከሁሉ በላይ አቅርቦቱ ነው የሚጎዳው፤ ዩሪያ በዩኒየኑ መጋዘን ለወራት ቢከማች አይበላሽም፤ ሕያው ማዳበሪያ ግን በዘር ሳምንት ካልደረሰ ከንቱ ነው። መንግሥት ለከረጢቱ ጭነት መርከብ፣ ባቡርና ኮንትራት ሲያሰናዳ የኖረውን ያህል ለዚህች ግማሽ ኪሎ አላሰናዳም፤ እኔ የምወቅሰው ይህን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 በሩሲያና በዩክሬን መካከል ጦርነት ሲነሣ የማዳበሪያ ዋጋ እንደ 1973 ዘመን ናረ። አገራችን በዚያን ጊዜ በዓመት ከአሥር ሚሊዮን ኩንታል በላይ ከውጭ የምታስገባ ሆና ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ በሰልፍ እስከ መውጣት ደረሰ። በኦሮሚያም የኮምፖስት ዘመቻ በየወረዳው ተጠራ፤ ቀይ ትል በማሳደግ የሚገኘው የትል ኮምፖስት በገበሬዎች ማሠልጠኛ ተስፋፋ። ሒሳቡን ግን በቅንነት ማየት ይገባል። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ፤ ከመቶ አንድ ተኩል እጅ ናይትሮጅን ባለው ደኅና ኮምፖስት ያን ያህል ለማግኘት ሠላሳ ኩንታል ገደማ ያስፈልጋል፤ እርሱም በአንድ ዓመት ሁሉን አይለቅም። ስለዚህ ኮምፖስት ብቻውን፣ ዛፍ ብቻውን፣ ሽምብራ ብቻውን የዩሪያን ቦታ አይይዙም፤ በአንድነት ሲሆኑ ግን ኩንታሉን ወደ ግማሽ፣ ከዚያም ወደ ታች ለማውረድ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ በጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ መሠረት ሲጣል የምንዛሪው ጭንቀት ይቀልላል የሚል ተስፋ ተሰምቷል፤ በኦጋዴን ጋዝ የተሠራ ናይትሮጅንም ቢሆን ግን ከአሸዋማ አፈር ወደ ቆቃ ሲታጠብ ከባሕር ማዶ ከመጣው አይለይም።

ከደርባኑ ቃል በኋላ የተተከሉት ችግኞች አሁን ከዐሥር ዓመት አልፈዋል። ገርቢ ለማሳው የሚታይ ጥቅም የሚሰጠው ግን ከዚያ በላይ ዘግይቶ ነው። በችግኝ ጣቢያ የደከሙት ባለሙያዎች አንድ ነገር ደግሞ አስተውለዋል፤ ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነው የገርቢ ዘር በከብት ሆድ አልፎ በእበት ውስጥ ሲወድቅ በቀላሉ ይበቅላል፤ ስለዚህ በየማሳው ዳር ሳይተከል የሚበቅል ብዙ ቡቃያ አለ። የሚያጠፋው ሞፈሩና ከመከር በኋላ ልቅ የሚግጠው መንጋ ነው። ከአዳማ እስከ መቂ ባሉት ቀበሌዎች ገበሬዎች በሰኔ ሲያርሱ ያንን ቡቃያ በእንጨት ምልክት አድርገው እንዲያልፉት፣ በበጋም እሾህ እንዲያጥሩለት በየዓመቱ ይነገራል፤ መንጋውን ማን እንደሚመልስና አጥሩን ያፈረሰ ከብት ባለቤት ምን እንደሚከፍል ግን በየቀበሌው ስብሰባ ገና የሚከራከሩበት ነገር ነው።